የዘጠነኛው ጣቢያ አሻራ

ሰፈሩ በሙሉ "አይፈሬ" ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን በሱ ብትጠሩት ዞር ብሎም አያያችሁ። አይፈሬ የተባለው በአሥራ አንድ ዓመቱ ተወራርዶ ከባለ ሁለት ፎቅ ጣሪያ ላይ አሸዋ ክምር ላይ ስለዘለለ ነው። ከዛ ወዲህ ስሙን ለማስከበር ያልሠራው ተንኮል የለም። የርዕሰ መምህሩን ወንበር ግሪስ ቀብቷል። ሞተር እጁን ለቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነድቷል። ከስምንተኛ ክፍል ሲባረር እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ለአስተማሪዎቹ እጁን እያውለበለበ ነው የወጣው፣ ሙሽራ የሚሸኙ ይመስል።

አንድ ነገር ግን ይፈራል። ጉድጓድ።

በስድስት ዓመቱ ድብብቆሽ ሲጫወት ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ተቀርቅሮበት ነበር። ጎረቤት ሰምቶ እስኪያወጣው ድረስ በጥፍሩ ብረት ሲቧጥጥ ዋለ። ይሄን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ቆይ፣ አይፈሬ የሚባል ሰው በርሜል ፈራሁ ሊል ነው እንዴ?

ሥራው የውሃ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነው። ወረቀት ያደርሳል፣ ዕቃ ያመላልሳል፣ ይቀልዳል። ያስቀጠረችው ኢንጂነሯ ናት። ኃላፊው "ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ልጅ ምን ይሠራልሻል?" ሲላት "እግር አለው፣ ዓይን አለው፤ እኔ የቸገረኝ እሱ ነው" ብላ ፈረመችለት። እሷ ከሱ የሃያ ዓመት ታላቅ ናት፤ እሱ "እትዬ" ይላታል፣ እሷ ደስ ካላት "የኔ ጌታ"፣ ካላላት "አንተ ጉድ" ትለዋለች። አብዛኛውን ጊዜ አንተ ጉድ ነው።

ዓይኑ የተፈለገው ለምን መሰላችሁ? ከተማው አሥራ ሁለት የውሃ ጣቢያ አለው። በየጣቢያው አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ፓምፑን የሚያስነሳው፣ ክሎሪኑን እየመጠነ ውሃው ውስጥ የሚጨምረው እሱ ነው። እስካሁን ክሎሪን ለማስተካከል ሰው እዛው ድረስ መሄድ ነበረበት። ኢንጂነሯ ይሄ ይብቃ አለች። ከወንበሯ ሳትነሳ በኔትወርክ አሥራ ሁለቱም ጋ እየገባች ልታዛቸው ነው። ለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ማሽን አሻራ ያስፈልጋል፤ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ግን በፊደልና በቁጥር የተጻፈ፣ አርባ ሦስት ፊደል።

አሻራዎቹን እሷ ከቢሮ ሆና በኔትወርክ ሰበሰበች። አሥራ ሁለቱም ላኩላት፣ አንድ ወረቀት ላይ አተመቻቸው። ችግሩ፣ በኔትወርክ የመጣ አሻራ የላከው ማሽኑ ራሱ ይሁን ሌላ ሰው አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ሰው በአካል ሄዶ፣ ማሽኑ ፊት ቆሞ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በስልክ ያነብላታል፤ እሷ ካተመችው ጋር ታስተያያለች። ልክ ከሆነ "በዓይን የታየ" ተብሎ እሱም እሷም ይፈርማሉ።

ፊደሎቹ የፈረንጅ ናቸው፣ ትልቅም ትንሽም አለባቸው። መጀመሪያ ሰሞን "ትልቁ ኬ፣ ትንሹ ኬ" ሲባባሉ ሁለቱም አበዱ። መላ ያመጣው አይፈሬ ነው።

"እትዬ፣ ትልቁን 'ጋሼ' እንበለው፣ ትንሹን 'ማሙሽ'። ጋሼ ኬ፣ ማሙሽ ኬ። አለቀ።"

ኢንጂነሯ እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች፤ ከዛ በዛው ቀረ። የቢሮው ሰው በሩን ሲያልፍ "ጋሼ ኤም፣ ማሙሽ ዋይ፣ አራት፣ ማሙሽ ቢ" ሲባል እየሰማ ሁለቱንም ጠበል ይውሰዷቸው ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ጣቢያ አለፈ። ዘጠነኛው ላይ ደረሰ።

ዘጠኝ ከሌሎቹ ይለያል። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ አርባ ደቂቃ በሞተር። ማሽኑ ያለው ደሞ መሬት ሥር ነው፤ ክብ የብረት ክዳን፣ ሥሩ ሃያ ሁለት ደረጃ ያለው የብረት መሰላል፣ ከዛ ጨለማ። አይፈሬ ያን ቀን ክዳኑን ከፈተና ወደ ውስጥ አየ። እርጥብ ብረት ሸተተው። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ። መለሰው። ደግሞ አሳረፈ። መለሰው። በመጨረሻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ስልክ ደወለ።

"ደረስክ?" አለች።

"ማሽኑ ፊት ነኝ" አለ።

"በል ጀምር።"

አይፈሬ ምን ያንብብ? ራሱን አከከ፣ ሳለ፣ "ስክሪኑ ትንሽ ጭጋግ ይዞታል እትዬ" አለ። ኢንጂነሯ ደሞ ደግ ናት። እሱ ሲንተባተብ ስትሰማ እሷ ወረቀቷን ማንበብ ጀመረች።

"የመጀመሪያው ጋሼ ኤም ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ ኤም።"

"ማሙሽ ዋይ?"

"እሱው ነው።"

"አራት?"

"አራት፣ እንዴታ!"

እሷ እያነበበች፣ እሱ አዎ እያለ፣ አርባ ሦስቱ አለቀ። ክዳኑን ገጥሞ ሞተሩን አስነሳ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። እሷም ፈረመች። በቃ። ማን ይሞታል ብሎ ነው?

ማን እንደሚሞት ከአንድ ወር በኋላ ነገረችው።

ምሳ ሰዓት ነበር። ኢንጂነሯ ዳቦዋን እየቆረሰች ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሮ ሆና አሥራ ሁለቱም ጋ እንደምትገባ አወራችው። ስልኳን እንደምታጠፋም ነገረችው፣ ሰው እንዳይረብሻት።

"ቆይ እትዬ" አለ አይፈሬ አፉን ሞልቶ፣ "ያ ሁሉ ጋሼና ማሙሽ ለምን ነበር ግን? እውነት እውነቱን።"

"አንተ ጉድ፣ ሳታውቀው ነው እንዴ የሠራኸው?" ሳቀች። "አሻራው ውሸት ከሆነ እኮ የምገባው ማሽናችን ጋ አይደለም፤ መሀል የተቀመጠ ሌባ ጋ ነው። ፓስወርዴን እሱ ላይ ነው የምጽፈው። ለአሥራ ሁለቱም ፓስወርዱ አንድ ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ እንዲህ ሆኗል። ሰውየው ገባና ክሎሪኑን እስከ ጥግ ከፈተው። ጠዋት ሕፃናት ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ሆስፒታል ሞሉ።"

አይፈሬ ማኘኩን አቆመ።

"ምን ሆንክ? ፊትህ ገረጣ።"

"አይ፣ ዳቦው... ደርቋል።"

"እኛ ምን ያስፈራናል፣ አንተ ሁሉንም በዓይንህ አይተህልኛል" አለችና ትከሻውን ቸብ አደረገችው።

ያቺ ቸብታ እስከ ቤቱ ድረስ ተከተለችው። ቤት ገባ፤ እህቱ ሕፃን ልጇን በሳፋ ውሃ ታጥበዋለች። ልጁ አፉን ከፍቶ ውሃውን ሊጠጣ ይታገላል። "ተይው፣ አይጠጣ!" ብሎ ጮኸባት። "ምን ነካህ አንተ?" አለችው፣ "ውሃ እኮ ነው።"

ለምን አልተናገረም? ቀላል ነው እንዴ? እትዬ የፈረመችው በሱ ዓይን ነው። ሁለቱም ይባረራሉ። ደሞ ምክንያቱን ስትጠይቀው ምን ይላል? ጉድጓድ ፈርቼ? በማግስቱ መላው መሥሪያ ቤት ሲያየው በርሜል ነበር የሚደበድበው። ስለዚህ እንዲህ አሰበ፤ ጠዋት በነብር ልብ ይነሳል፣ ዘጠኝ ጋ ይሄዳል፣ ይወርዳል፣ አሻራው ልክ መሆኑን ያያል፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ይመለሳል። ማንም ሳያውቅ። ልክ ነው እኮ፤ ማን ዘጠኝ ድረስ ሄዶ ሌባ ይሆናል?

አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ሞተሩ ላይ ነበር። የታተመውን ወረቀት ግልባጭ አጥፎ ደረት ኪሱ ከቷል። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያስታውስም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከጭነት መኪና ጋር ሊላተም ሲል ሹፌሩ የሰደበውን ስድብ ያስታውሳል፣ ጥሩ ስድብ ስለነበር።

ዘጠኝ በር ላይ ዘበኛው ተቀምጠው ራዲዮ ይጎረጉራሉ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሽማግሌ ናቸው።

"እንዴት አደሩ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው መጥተህ ክዳኑ ላይ ተቀምጠህ ስልክ ስታወራ የነበርከው አይደለህ?"

አይፈሬ ጆሮው ጋለ። "ዛሬ እወርዳለሁ" አለ።

"ውረዳ" አሉ ሽማግሌው፣ "ማን ያዘህ?"

ማንም አልያዘውም፤ ችግሩ እሱ ነው። ክዳኑን ከፈተ። ያው እርጥብ ብረት ሸተተው። ባትሪውን በጥርሱ ነከሰ። አንድ ደረጃ። ሁለት። ዓይኑን ከግድግዳው ላይ ላለማንሳት ደረጃውን ይቆጥራል። ሰባት ላይ መሰላሉን አቅፎ ቆመ። ከላይ ሰማዩ የሳንቲም ያህል ሆኗል። "የእህቴ ልጅ፣ የእህቴ ልጅ" በሆዱ እያለ ወረደ። ሃያ ሁለት። እግሩ ሲሚንቶ ነካ፤ የፓምፑ ጉርምርምታ ከሥር በጫማው በኩል ወደ ጥርሱ መጣ።

ማሽኑ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ነው። እትዬ እንዳስተማረችው ቁልፏን ተጫነ። ስክሪኑ በራ፣ ሦስት መስመር ወጣ። ወረቀቱን ዘርግቶ በባትሪ አበራ። መጀመሪያ ላይ ያለችው ቁራጭ ለሁሉም ማሽን አንድ ናት፤ እሱ "ያባት ስማቸው" ይላታል። ያባት ስም ልክ። ተመስገን።

ቀጥሎ ወረቀቱ ጋሼ ኤም ይላል። ስክሪኑ ማሙሽ ዲ ይላል።

ደግሞ አየ። ማሙሽ ዲ። ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ፣ እፍ አለበት። ያው ነው። ከዛ ድንገት ሳቁ መጣ። ሦስት መስመር እኮ ነው ያለው! ማሽኑ ሦስት ዓይነት አሻራ ነው የሚያወጣው፤ እትዬ "ሁልጊዜ ሦስተኛውን" ብላው ነበር። እሱ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። "አንተ ደደብ" አለ ለራሱ ጮክ ብሎ፤ ጉድጓዱም "ደደብ" ብሎ መለሰለት። ደስ አለው። ጣቱን ሦስተኛው መስመር ላይ አደረገ።

ማሙሽ ኪው። ሰባት። ጋሼ ኤች።

ወረቀቱ ላይ ጋሼ ኤም። ማሙሽ ዋይ። አራት።

ሳቁ የት እንደገባ እሱም አያውቅም። እትዬ የሰበሰበችው አሻራ የዚህ ማሽን አይደለም። ይሄ ማሽን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለ፣ ሌላ ነገር በስሙ መልስ ሰጥቷል። አንድ ወር ሙሉ። "አዎ፣ እሱው ነው፣ እንዴታ" ያለው ደሞ አይፈሬ ነው።

ስልኩን አወጣ። አንድም መስመር ኔትወርክ የለም። ለካ እታች ስልክ አይሠራም! እትዬ ይሄን ብታውቅ ኖሮ ያን ቀን ገና "ማሽኑ ፊት ነኝ" ሲላት ነበር የምትነቃበት።

ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ከፊቱ ካለ ዓይኑ ወደሱ ይሸሻል፣ የለመደውን ሊያነብ። ባትሪውን መልሶ በጥርሱ ነክሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ፣ ስክሪኑን ብቻ እያየ፣ አንድ በአንድ ይጽፍ ጀመር። ማሙሾቹ ጋሼ እንዳይመስሉ ከሥራቸው ነጥብ ያደርጋል። አርባ ሦስተኛውን ጽፎ ቀና ሲል ከላይ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ።

ሳንቲሟ ጠፋች።

ክዳኑ ተዘግቷል።

የአይፈሬ ባትሪ ከጥርሱ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ከቁምሳጥኑ ሥር ገብቶ ጠፋ። ከዛ በኋላ ያለውን እሱ ራሱ በቅደም ተከተል አያውቀውም። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ፤ የሚጮኸው ሌላ ሰው ይመስላል። መሰላሉን ሲያገኘው ግንባሩን ተመታ። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ ደረጃ መቁጠር የሚባል ነገር የለም። ጭንቅላቱ ክዳኑን ገጨ። በቡጢ ደበደበው። "ሌቦቹ ናቸው" አለ ሆዱ። "አዩህ። ዘጉብህ። በቃህ።"

ክዳኑ ተነሳ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ከጫማው በላይ ዘበኛው።

"ማነው እታች?"

"እኔ ነኛ! እኔ! ማን ይሁን?!"

"የወጣህ መስሎኝ። ክፍት ሲሆን አልወድም፣ ሰው ይገባበታል።"

"ሰው ገብቶበታል እኮ አባባ!" አለ አይፈሬ፤ አፈር ላይ ተዘርግቶ አየሩን በሁለት እጁ ሊይዘው ትንሽ ቀረው። ስንት ሰዓት ነው? ሦስት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።

እትዬ ጋ ደወለ። ዝግ ነው። የቢሮውን ስልክ ደወለ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። በሞተር አርባ ደቂቃ ነው። እንደገና ደወለ። ዝግ።

"አባባ፣ ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ሽቦ የት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ማማው ነዋ" አሉ ሽማግሌው፣ በጣታቸው የኔትወርኩን ማማ እያሳዩ። "ሥሩ ያለው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣው። ሰዎቻችሁ የሠሩት ሳጥን።"

"የትኞቹ ሰዎቻችን?"

"ሁለት ናቸው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሱ፣ በነጭ ፒካፕ። ሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል። 'ከቢሮ ናችሁ አይደል?' አልኳቸው፤ 'አዎ ከቢሮ ነን' አሉኝ።"

የአይፈሬ ጆሮ ጭው አለ። ልክ እንደሱ። ጠያቂው መልሱን ሰጣቸው፣ እነሱ አዎ አሉ።

"መጥረቢያ አለዎት?"

"ለምን?"

"አባባ፣ በእናትዎ!"

ሳጥኑን በሦስተኛው ምት ከፈተው። ውስጡ ከጉድጓዱ የመጣው ሽቦ አለ፣ ወደ ማማው የሚወጣው ሽቦ አለ። መሀላቸው የሳሙና ያህል ጥቁር ነገር ተቀምጧል። አረንጓዴ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ይላል፤ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው።

አይፈሬ መጥረቢያውን እንዳነሳ ቆመ። ይሄ ነገር ትክክለኛ ዕቃ ቢሆንስ? እሱ ምን ያውቃል? ስምንተኛ ክፍል ነው። የመንግሥት ንብረት በመጥረቢያ ቆረጠ ተብሎ ይታሰራል፤ ኃላፊው "አላልኩሽም?" ይላታል እትዬን። ሰዓቱን አየ። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ክንዱን አየ። ማሙሽ ኪው፣ ሰባት፣ ጋሼ ኤች። ይሄን ማንም አላነበበለትም። ራሱ ነው ያየው።

ወደ ማማው የሚወጣውን ሽቦ ቆረጠው።

አረንጓዴው መብራት ቀይ ሆነ። ሌላ ምንም አልሆነም። ወፍ ይንጫጫል። ዘበኛው "የሥራህን ይስጥህ" አሉ፤ ምርቃት ይሁን እርግማን አይታወቅም።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ስልኳን አብርታለች።

"አንተ የት ነህ? ዘጠኝ ጠፋብኝ! ልገባ ስል ጭጭ አለ!"

"ፓስወርዱን ጽፈውታል?"

"ምን?"

"እትዬ፣ ዘጠኝ ላይ ፓስወርዱን ጽፈዋል ወይ?!"

"ግማሹን ጽፌ ነው የጠፋው። ቀደም ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ከአንድ እስከ ስምንት ገብቻለሁ። ምን ሆነሃል፣ ለምን ትጮኻለህ?"

አይፈሬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ። ከዛ ሌላውም ተከተለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ መቀመጡ፣ አዎ አዎ ማለቱ፣ ዛሬ መውረዱ። በርሜሉን ሳይቀር ተናገረ። አፉ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋ አልሆነም።

እትዬ አልሰደበችውም። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

"አንብብልኝ" አለች።

"ማሙሽ ኪው" አለ። ጠበቀ። ሁልጊዜ "እሺ" ትላለች ወይ ቀጣዩን ትጠቁመዋለች። አሁን ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው። "ሰባት። ጋሼ ኤች። ማሙሽ ቲ..." እስከ አርባ ሦስተኛው ብቻውን ሄደ።

"ከወረቀቱ ጋር አይገናኝም" አለች። ድምጿ ተሰባብሮ ነበር። "እኔ ነኝ ያነበብኩልህ። እኔው ጠይቄ እኔው መልሼ... ስማኝ። ሌላ ጣቢያስ? እኔ አንብቤ አንተ አዎ ያልከው?"

"አራት ላይ... መጨረሻ አካባቢ ጥቂት። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ነበር።"

"አሥራ ሁለቱንም እንደገና። አሁን ግን ከዛ እንዳትነቃነቅ። ያቺን ዕቃ በእጅህ እንዳትነካ። ፖሊስ ጠርቼ እኔ ራሴ ነኝ የምመጣው። ያስቀመጧት ሰዎች እንደጠፋችባቸው አውቀዋል፤ ሊመጡ ይችላሉ። ከኔ በፊት ማንም መጥቶ ኢንጂነሯ ናት የላከችኝ ካለ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፊደሎች ጠይቀው። ሰማህ? ጠይቀው። እንዳትነግረው።"

ስልኩ ተዘጋ። አይፈሬ እጅጌውን እስከ እጁ አንጓ ሳበና ቆለፈው። መጥረቢያውን አልለቀቀም።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ አቧራ ታየ። ከአቧራው ነጭ ፒካፕ ወጣ።

ሁለት ሰዎች ወረዱ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ። አንደኛው ወፍራም ፈገግተኛ ነው፣ ሁለተኛው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፤ የሚያየው ሰው ሳይሆን ሳጥኑን ነው።

"እንዴት አደራችሁ!" አሉ ዘበኛው። "ከቢሮ ናችሁ፣ ኢንጂነሯ የላከቻችሁ አይደ..."

"አባባ!" አለ አይፈሬ። "አይንገሯቸው! እነሱ ይናገሩ!"

ወፍራሙ ሳቀ። "ምን ሆኗል ልጁ? አዎ፣ ኢንጂነሯ ናት የላከችን። መስመር ተበላሽቷል ብላ።"

"ምን ብላ ላከችህ? ሦስት ፊደል ነግራሃለች።"

"የምን ፊደል?"

"እኔ ልነግርህ ነው? አንተ ንገረኝ።"

"ወንድሜ፣ ጨዋታ ላይ አይደለንም" አለ ወፍራሙ፣ ፈገግታው ግን ከጥርሱ ላይ ብቻ ነው የቀረው። አንድ እርምጃ ቀረበ። ቀጭኑ የተቆረጠውን ሽቦ አየ፤ ከዛ የአይፈሬን እጅጌ፣ ከሥሩ ብቅ ያለችውን የእስክሪብቶ ጽሑፍ ጫፍ አየ።

አይፈሬ መሸሽ ፈለገ። እግሩ እምቢ አለው፤ ፍርሃቱ ተክሎታል። እሱን ያዩ ጀግና ነው ሊሉ ይችላሉ፤ ውሸት ነው፣ መሮጥ ስላቃተው ነው የቆመው። "ፖሊስ እየመጣ ነው" አለ፤ ድምፁ እንደ ሴት ልጅ ቀጠነ። "ፊደሉን ካወቃችሁ ቆዩ።"

ቀጭኑ ወፍራሙን በክርኑ ነካው። ምንም ሳይናገሩ ፒካፑ ውስጥ ገቡ። ወደ ኋላ ዞረው በመጡበት ነጎዱ።

"ታርጋው! አባባ፣ ዝም ይበሉኝ!" አይፈሬ በሌላኛው ክንዱ ላይ ቁጥሩን፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ጻፈ። ሽማግሌው "ሦስት ነው ስምንት?" ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱና ዘጉት። ፒካፑ ሲሰወር አይፈሬ ከማማው ሥር ጎንበስ ብሎ ቁርሱን በሙሉ አስታወከ። ቁርስ አልበላም ነበር፤ ከየት እንደመጣ እንጃ።

እትዬ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ደረሰች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ አንዱ የጫማዋ ክር ተፈትቷል። አይፈሬ ሮጦ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው፤ ቆመና "የመጨረሻ ሦስቱ?" አለ።

"አንተ ጉድ! እኔ ነኝ እኮ!"

"ይበሉኝ እትዬ።"

አየችው። "ጋሼ ዜድ፣ ሁለት፣ ማሙሽ ኬ" አለች።

ያን ጊዜ ነው መጥረቢያው ከእጁ የወደቀው። ፖሊሶቹ ሳጥኑን ፎቶ አነሱ፣ ታርጋውን ከክንዱ ገለበጡ፣ በሬዲዮ ተነጋገሩ። እትዬ ያንን ያደፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ዘጠነኛው መስመር ላይ ሁለት ፊርማ አለ፣ የሱ እንደ ዶሮ ጭረት፣ የሷ ቀጥ ያለ። ሁለቱንም በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው።

"ኃላፊው ጋ አብረን ነው የምንገባው" አለች። "ያባርረናል አያባርረንም፣ አላውቅም። አሁን ግን የክንድህን ጽሑፍ አላምንም። ፈርተህ የጻፍከው ነው። እኔ ወርጄ ላነብ ነው፣ አንተ ከላይ ታስተያያለህ። ስወጣ እገድልሃለሁ።"

"እሺ እትዬ።"

ወደ ጉድጓዱ አየች። ቦርሳዋን ለዘበኛው ሰጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገች። መለሰችው። ደግሞ አደረገች።

አይፈሬ ምንም አልቀለደም። በደረቱ ተኝቶ ክዳኑን በሁለት እጁ ያዘው፣ ዘበኛውን በዓይኑ እየጠበቀ። እሷ ስትወርድ የብረቱ ጩኸት በሆዱ ሥር ይሰማዋል። ከታች ድምጿ እያስተጋባ መጣ።

"ማሙሽ ኪው!"

ክንዱን አየ። ማሙሽ ኪው ነው። "እሺ" ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

"ሰባት! ጋሼ ኤች! ማሙሽ ቲ!" እያለች ሄደች፤ እሱ በጣቱ እየተከተለ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ድምጿ ቆመ።

"አንተ! ይሄ ስክሪን ጭጋግ ይዞታል። ጋሼ ኦ ነው ወይስ ዜሮ?"

ክንዱ ላይ አለ። ጣቱ እላዩ ላይ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣ ያቺን ሴትዮ ከዛ ጉድጓድ ቶሎ ያወጣታል። ከንፈሩን ነከሰ።

"ስማ፣ ዜሮ ነው አይደል? እዚህ ታች መተንፈስ አልቻልኩም!"

"ያዩትን ይበሉኝ እትዬ" አለ። "ይጥረጉትና ያዩትን ይበሉኝ። እጠብቃለሁ።"

ከታች የመጣው ስድብ ጥሩ ስድብ ነበር። ከዛ ጨርቅ መስተዋት ላይ ሲሄድ የሚሰማ ድምፅ። አይፈሬ ክዳኑን እንደያዘ፣ አፉን እንደዘጋ ጠበቀ።